ተራ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ

መብራት የጠፋው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ከዳሞታ ተራራ በኩል የመጣው ዝናብ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ መብረቁ የመንደሩን ትራንስፎርመር መታውና ከምሰሶው ላይ ጥቁር ጭስ ወጣ። ሰው ሁሉ በየበሩ ብቅ ብሎ "ሄደ!" ተባባለ። እታፈራሁ ግን ብቅ አላለችም። እሷ ለዚህ ቀን ተዘጋጅታለች።

ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው እንደ እኛ እንደ ሌሎቻችን አንድ ሻማ መሳቢያ ውስጥ ወርውሮ ተዘጋጀሁ አይልም። ሻማዎቹ ትልቅና ትንሽ ተብለው ተለይተው በካርቶን ተቀምጠዋል። ክብሪቱ እርጥበት እንዳይነካው በፌስታል ተጠቅልሏል። ከሰሉ በጆንያ፣ ውሃው በአራት ጀሪካን። ፓወር ባንኩ ላይ "ሙሉ" የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። የእጅ ባትሪም ሁለት ነው፤ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የቶማ። ባሏ ቶማ ከሞተ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ባትሪው ግን በየወሩ መጀመሪያ ይበራል፣ ይጠፋል፣ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ያልተዘጋጀችው ለእንቁላሎቹ ብቻ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቶማ ከሞተ፣ ልጇ ምሕረትም ሥራ ይዛ ሐዋሳ ከገባች ወዲህ ቤቱ ድምፅ አጥቶ ነበር። ሬዲዮ አለ፤ ሬዲዮ ግን ያወራል እንጂ አይመልስም። አንድ ቀን አረካ ለለቅሶ ሄዳ ጌታነህ የሚባል ባለሙያ የሚሠራውን የእንቁላል ማስፈልፈያ አየች። የሳንቃ ሳጥን ነው፤ ውስጡ ሁለት አምፖል፣ ትንሽ ማራገቢያ፣ የሙቀት መለኪያና መጠባበቂያ ባትሪ። ሃያ አራት እንቁላል ይይዛል። ሃያ አራት ጫጩት የሚጮህበት ቤት ውስጥ ዝም የሚል ጥግ አይኖርም ብላ አሰበች። ያን ድምፅ ፈልጋ ነው ሳጥኑን በሚኒባስ ጭና፣ ጭኗ ላይ አቅፋ ሶዶ ያስገባችው።

እንቁላሎቹን እንደ ፋይል ቁጥር ሰጠቻቸው። ከአንድ እስከ ሃያ አራት በእርሳስ ጻፈችባቸው። በየቀኑ ሦስት ጊዜ ታገላብጣቸዋለች፤ በደብተር ትመዘግባለች። ጠዋት ክዳኑን ስትከፍት "ደህና አደራችሁ?" ትላለች። ይህን የሚሰማት ሰው ስለሌለ የሚስቅባትም አልነበረም። መብራት የሄደው በአሥራ አምስተኛ ቀናቸው ነው። ሊፈለፈሉ ስድስት ቀን ቀርቷቸዋል።

የሳጥኑ ባትሪ ስድስት ሰዓት ሠርቶ ደከመ። ከዚያ በኋላ እታፈራሁ ከሰል እያቀጣጠለች፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ እየሞላች፣ በጨርቅ እየጠቀለለች በእንቁላሎቹ መሃል ስትደረድር ነጋ። ጠርሙሱ ሲሞላ ሙቀቱ ይበዛል፣ ሲቀዘቅዝም ይፈጥናል። የነሐሴ ብርድ ደግሞ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል።

ማክሰኞ የመብራት ጥገና ሠራተኞች መጥተው ወደ ላይ አዩ። "ተቃጥሏል" አሉ፤ ይህን ማንም ያውቅ ነበር። ቅያሪው መቼ ይመጣል ሲባሉ "ነገ፣ ካልሆነ ከነገ ወዲያ" ብለው ሄዱ። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ የሻማውን ቁመት ለካ።

ማታ ማታ መንደሩ በባለሱቁ በከሊል በር ላይ ይሰበሰባል። ከሊል ከመሸ በኋላ ለሁለት ሰዓት ጄኔሬተር ያስነሳና የሰዉን ስልክ ሁሉ ይሰካል። ስልኩ እስኪሞላ ሰው በድንጋዩም፣ በለስላሳ ሳጥኑም ላይ ተቀምጦ ይጨዋወታል፤ ይሳሳቃል። እታፈራሁ ረቡዕ ሻማ ፍለጋ ሳይሆን ወሬ ፍለጋ ወጣችና ከዳር ቆመች።

"እትዬ፣ ስልክሽን አምጪው እንጂ" አላት ከሊል።

"ፓወር ባንክ አለኝ።"

"ሻማስ?"

"አለኝ።"

"እንግዲህ አንቺ ሱቅ መክፈት ነው የቀረሽ!" አለና ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ በኋላ እዚያ የሚያስቆማት ምክንያት አላገኘችም። የሚቀመጠው ስልኩን የሚጠብቅ ነው፤ እሷ የምትጠብቀው የላትም። ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ቤት ገብታ ጨለማው ውስጥ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ከእጅ ባትሪው መብራት ላይ እያስደገፈች አየች። በሕይወት ያለው ጥላው ይንቀሳቀሳል፤ የሞተው ዝም ይላል። አሥራ አንዱ ዝም ብለዋል። ቁጥራቸውን በደብተሩ ላይ ሰረዘች። አሥራ ሦስት ቀሩ። ወደ አረካ ለጌታነህ ደወለች።

"እትዬ፣ በውሃ ጠርሙስ አራት ቀን አይዘለቅም" አላት።

"ታዲያ ምን ላድርግ? ማሽኑን የሠራኸው አንተ ነህ።"

"ዶሮ ፈልጊ" አላት።

እንግዲህ ችግሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ዶሮ አለ። የታቀፈች ዶሮ እንኳ አለች፤ ከአጥሩ ማዶ፣ ሶፊ ቤት። አሁን በከሊል ሱቅ በር ሲወራ በጆሮዋ ሰምታለች። ግን ሶፊንና እታፈራሁን የሚለያያቸው አጥሩ ብቻ አልነበረም፤ ደብዳቤም ነበር።

አምና የሶፊ ቀይ ዶሮ አጥር እየሾለከች የእታፈራሁን የሽንኩርት ችግኝ ጫረች። ሌላ ሰው ቢሆን "ሶፊ! ዶሮሽን!" ብሎ ይጮኽ ነበር። እታፈራሁ ግን ቁጭ ብላ ጻፈች። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ "ጉዳዩ፦ ዶሮ እንዲታሠር ስለመጠየቅ" ይላል፣ ከታች ደግሞ ለመንደሩ ሽማግሌ ግልባጭ። በልጅ አስላከችው። ሶፊ ማንበብ ስለማትወድ ልጇ አሮን ጮክ ብሎ አነበበላት። ዶሮዋ በማግስቱ ታሠረች። ሶፊም ከዚያ ወዲህ በአጥሩ ላይ እንደ ድንች የሚቀቀለውን ቦይና ማቀበሏን ተወች።

እታፈራሁ አሥራ ሦስቱን እንቁላል በቶማ ሹራብ ጠቅልላ በዘንቢል ያዘችና፣ በቶማ ባትሪ መንገዱን እያበራች የሶፊን በር አንኳኳች።

ሶፊ በሻማ ብርሃን፣ ተደፍቶ በተቀመጠ ሙቀጫ ላይ ተቀምጣ ቦይና ትልጣለች። ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ዘንቢሉን አየች።

"የምሕረት እናት! ዛሬ ደብዳቤውን ራስሽ ይዘሽ መጣሽ?"

"ደብዳቤ አይደለም፣ የአሮን እናት። እንቁላል ነው።"

"እንቁላል? ለእኔ?"

"ለዶሮዋ። ታቅፋለች ሲሉ ሰማሁ።"

"ታቅፋለች፣ ከሰኞ ጀምሮ። የትኛዋ እንደሆነች ታውቂያለሽ አይደል? 'ከላይ የተጠቀሰችው ዶሮ' ናት። አሮን ሲያነብልኝ እኔ ዶሮዬ መንግሥት ሥራ የተቀጠረች መስሎኝ ነበር።"

እታፈራሁ በሩ ላይ እንደቆመች ነው። "ይቅርታ አድርጊልኝ" አለች።

"ይቅርታውንስ ቁጥር አልሰጠሽውም?" አለች ሶፊ። ቀጥላ ግን ቢላዋውን አስቀመጠች። "ለምን ጻፍሽ? አጥሩ ይኸው፣ እኔ ይኸው። 'ሶፊ' ብትዪኝ የማልሰማ ነኝ?"

"ያን ጊዜ" አለች እታፈራሁ፣ "ጮክ ብዬ ሰው መጥራት ከተውኩ ቆይቶ ነበር።"

ሶፊ ተነስታ ሻማውን አጠፋችና፣ "ብርሃን ካየች ትነቁረናለች። ነይ፣ በእጅሽ ዳስሺ" አለቻት። ሁለቱ ሴቶች በጨለማ ጓዳው ውስጥ ተንበረከኩ። ሶፊ ከዶሮዋ ሥር የራሷን እንቁላሎች እያወጣች በቀሚሷ ጫፍ አኖረች።

"ምን ታደርጊያለሽ? ያንቺስ?"

"የእኔማ ገና ሁለት ቀናቸው። ለአሮን እራት ይሆናሉ። አቀብዪኝ።"

አንድ በአንድ አቀበለቻት። ዶሮዋ እያጉረመረመች ክንፏን አሰፋች። አሥረኛው ላይ ሶፊ እጇን መለሰች። "ከዚህ በላይ አትሸፍንም። ሦስቱን ይዘሽ ሂጂ።" ከዚያም በጨለማው ውስጥ ሳቀች። "ሚቼ፣ እህቴ፣ ሰው ላሙን ለጎረቤት ሀራ ሲሰጥ አይቻለሁ። ጎረቤትየው ቀልቦ ያሳድግና ጥጃውን ከባለቤቱ ጋር ይካፈላል። እንቁላል ሀራ ሲሰጥ ግን ዛሬ ነው ያየሁ።"

"ሁሉንም ውሰጂው። ብቻ ይፈልፈሉ።"

"አይሆንም። ሀራ ከሆነ ሀራ ነው፤ እኩል ነው። ግን ሁለት ወር ከእናታቸው አይለዩም። 'ቤቴ ልውሰዳቸው' እንዳትዪኝ።"

እታፈራሁ ይህን አላሰበችበትም ነበር። እንቁላሎቹ ከዳኑ የሚጮኹት እዚህ ነው። "እሺ" አለች።

"ሀራ የሰጠ ሰው ደግሞ እየመጣ ያያል። በደብዳቤ ሳይሆን በእግሩ። ስትመጪ መቀመጫ ይዘሽ ነይ፤ ዱካዬ ተሰብሮ ይኸው ሙቀጫ ላይ ነው የምውለው።"

ሦስቱን እንቁላል እታፈራሁ ጡቷ መሃል በነጠላ አሰረቻቸው። አራት ቀን ከእነሱ ጋር ቆመች፣ ከእነሱ ጋር ተቀመጠች፣ በጀርባዋ ብቻ ተኛች። ውሃ ስትቀዳ ጎንበስ አላለችም። ሶፊ ቤትም አልሄደችም፤ "ዛሬ ባስቸግራቸውስ" እያለች ከአጥሩ ወዲህ ታዳምጣለች። በየቀኑ "መጥቶ ይሆን" እያለች ማብሪያዎቹን ትጫናለች፤ ወደላይ፣ ወደታች። መልስ የለም።

እሑድ ጠዋት ምሕረት ከሐዋሳ ደወለች።

"እማዬ፣ መብራት አሁንም የለም? እንዴት ነሽ?"

"ደህና ነኝ። ተዘጋጅቼ ነበር እኮ።"

"አንቺማ! ስለ አንቺ አልሰጋም" ብላ ሳቀች ልጅቷ። ሰው ጠራት መሰለኝ፣ ቸኩላ ዘጋች። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። እታፈራሁ ስልኩን እንደያዘች ደረቷ ላይ አንድ ነገር ኳ ሲል ተሰማት። ነጠላውን ፈታች። አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ላይ፣ ከዘጠኙ አጠገብ፣ ቅርፊቱ ተሰንጥቋል።

እኩለ ቀን ላይ ወጣ። እርጥብ ነው፣ መልኩ አያምርም፤ ሲደርቅ ግን ቢጫ ሆነ። ሌሎቹ ሁለቱ ዝም እንዳሉ ቀሩ። እታፈራሁ በካርቶን ውስጥ በሹራቡ ላይ አስቀመጠችውና ፊት ለፊቱ ቁጭ አለች። ጫጩቱ ጮኸ። ስታቅፈው ዝም ይላል፤ ስታስቀምጠው ይጮኻል። መጀመሪያ ደስ አላት። ስትመኘው የኖረችው ድምፅ ይኸው ቤቱን ሞልቶታል። አንድ ሰዓት ሲያልፍ ግን የጩኸቱ ነገር ገባት። እየተጫወተ አልነበረም፤ እየተጣራ ነበር። የሚጣራውም እሷን አይደለም።

የቶማን መላጫ መስታወት አምጥታ ካርቶኑ ውስጥ አቆመችለት። ጫጩቱ ሮጦ ሄዶ ከመስታወቱ ጫጩት ጎን ተለጠፈ። ዝም አለ። እሷም ትንፋሿን ያዘች። ጥቂት ቆይቶ ግን ያ ሌላው አለመሞቁን አወቀ መሰል፣ አንገቱን አስግጎ እንደገና መጮኽ ጀመረ። እታፈራሁ መስታወቱን አነሳች። ውስጡ የራሷን ፊት አየችና ገልብጣ አስቀመጠችው።

ሲመሽ በእፍኟ ይዛው ሄደች። ሶፊ በሩ ላይ አገኘቻት። "ስምንቱ ወጥተዋል! ቅርፊታቸውን ሰብስቤልሻለሁ፣ ቁጥሩን እንድታመሳክሪ። የት ጠፋሽ አንቺ?" ከዚያ ጩኸቱን ሰማች። "ብቻውን ነው የወጣ?"

"ብቻውን።"

"ተይው፣ በጨለማ እናስገባው። ዶሮ ማታ አትቆጥርም።"

እታፈራሁ ራሷ እጇን ከቀይቱ ሥር ሰደደች። ሙቅ ነው፣ በላባና በትናንሽ አጥንት የተሞላ። ጣቶቿን ፈታች። ጫጩቱ ሁለት ጊዜ ጮኸ፣ ሦስተኛውን ጀምሮ ሳይጨርስ ዝም አለ። እጇን ወዲያው አላወጣችም። ሶፊም አውጪ አላለቻትም።

ስትመለስ መንገዱ ላይ እያለች ድንገት ሕፃናቱ "መጣ!" ብለው መንደሩን አናጉት። እታፈራሁ ቆመች። የእሷ ቤት ከሁሉ በልጦ በርቷል። ሳሎኑ፣ ጓዳው፣ በረንዳው፣ የምሕረት ክፍል። ሳምንቱን ሙሉ ስትጫናቸው የሰነበተቻቸው ማብሪያዎች ሁሉ በርተው ቀርተው ነበር።

"እትዬ!" አለ ከሊል ከሱቁ፣ "እንግዳ መጣብሽ እንዴ? ቤትሽ ሠርግ መስሏል!"

"ማንም የለም" አለች። "መብራት ነው።"

ገባች። ሳጥኑ ውስጥ አምፖሎቹ ግለዋል፤ ማራገቢያው ሙቀቱን በባዶ ጠርሙሶችና በተሰረዙት እንቁላሎች ላይ ይነፋል። አጠፋችው። አምፖሎቹን በየክፍሉ እየዞረች አንድ በአንድ አጠፋች፤ የበረንዳውን ተወችው። ደብተሩን ከፈተችና በአሥራ ዘጠኝ ትይዩ "ወጥቷል፤ ሶፊ ቤት፣ ሀራ" ብላ ጻፈች። የቶማን ባትሪ ወደ ቦታው መለሰች።

ከዚያ ከአልጋው ሥር የቶማን ዱካ ጎትታ አወጣች። አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ ከበሩ ሥር፣ ጠዋት ስትወጣ እግሯን የሚመታት ቦታ ላይ አስቀመጠችው።