ከአልጋው እስከ በሩ

«ወለሉን አጥባ እርጥቡን ትታው ገባች አሉ» አለች ከድንኳኑ ጥግ የተቀመጠች ሴት፣ ወደ ጎረቤቷ ጆሮ ጠጋ ብላ። «አሮጊት ባለበት ቤት እንዲህ ይደረጋል?»

«ምራት አይደለች? የወለደቻት ብትሆን ታደርቀው ነበር።»

ተረፈች ሰማች። ከኋላቸው ባለው የእድር አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ያልቀመሰችውን ንፍሮ ጭኗ ላይ ይዛ ነበር። እናቷ አረጋሽ ከተቀበረች ዛሬ ሦስተኛ ቀን ነው። እንባው ትናንት አልቋል፤ የቀራት ድካም ነው። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ስላላት የወንድሟን የዲሪባን ነጠላ ጫማ አድርጋለች። ዞር ብላ «ተሳስታችኋል» ማለት ነበረባት። አንዲት ቃል ናት። ግን ያቺ አንዲት ቃል ሌላ ታስከትላለች፣ ሌላዋም ሌላ፤ ያን ሁሉ የሚናገር ጉልበት ከየት ይመጣል?

የምትታማው የዲሪባ ሚስት ሶያማ ናት። እሷም ወዲያው ፔርሙስ በአንድ እጇ፣ ሲኒ የሞላ ትሪ በሌላው ይዛ ከጓሮ መጣች። ሦስት ቀን ሙሉ ሲያጥብ የከረመ እጇ ነጥቶ ተጨማዷል።

«አይዞሽ የኔ ልጅ፣ በርቺ» አሏት ሁለቱ ሴቶች ባንድ አፍ።

ሶያማ አንገቷን ሰበር አድርጋ ቡናውን ቀዳችላቸው። ባሏ ፊት ስትደርስ ሲኒውን አቀበለችው፤ ዲሪባ ቀና ብሎ ሳያያት ተቀበላት። ሐሜቱ ጆሮው ከገባ ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገራትም። ይሄንንም ተረፈች ታያለች።

የእናቷ ቤት ወለል ሴራሚክ የተረፈች ሐሳብ ነበር። የሰበታው ቤት የአባታቸው ነው፤ ጭቃ ቤት፣ ሊሾው ተሰነጣጥቆ ከየስንጥቁ አቧራ የሚተፋ። እሷ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በየቀኑ ሁለት አውቶቡስ ይዛ ሥራ እየገባች፣ ሰው ቤት ያየችው የሚያብረቀርቅ ወለል ሁሉ ለእናቷ ያምራት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የእቁብ ዕጣዋ ሲወጣ ሴራሚክ አስነጠፈችላት። ሠራተኞቹ ሲጨርሱ እናቷ ከበሩ ላይ ቆማ ቁልቁል አየች።

«ፊቴ ይታየኛል እኮ» አለች። «የራስን ፊት እንዴት ይረግጡታል?»

በሳምንቱ ሦስት ጆንያ ቀድዳ፣ በወስፌና በሲባጎ አያይዛ ሰፋችና ከአልጋዋ እስከ በሩ ዘረጋችው። ከዚያ ወዲያ ከዚያች መንገድ ወርዳ አታውቅም። ተረፈች በመጣች ቁጥር ግን ከሰላምታ በፊት መጣላት ነው።

«እማ፣ ይሄን ነገር አንሺልኝ። ወፍጮ ቤት አስመሰልሽው።»

«ወፍጮ ቤት ውስጥ ተንሸራቶ የወደቀ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰው አይደለም የሚራመድልኝ።»

ተረፈች ትጠቀልለዋለች። ስትሄድ እናቷ መልሳ ትዘረጋዋለች። እንዲህ ሲሉ ሁለት ዓመት ሞላቸው።

ከድንኳኑ ውጭ ድምፅ ተሰማ። የእናቷ ጎረቤት መኪያ፣ ሦስቱንም ቀን የራሷን ቤት ጥላ እዚህ የከረመችው፣ እየሮጠች ገባች።

«ተሬ፣ ተነሽ። የእናትሽ ወንድም መጡ፣ ከተጂ።»

ኦቦ ኢቲቻ ለቀብሩ አልደረሱም ነበር፤ ወገባቸው ይዟቸው ተኝተው ነው። አሁን በምርኩዝ፣ እስከ ጉልበት በሚደርስ የጎማ ቦቲ፣ የመስከረምን ጭቃ እየጎተቱ መጡ። የድንኳኑ በር ላይ ቆመው «ኦቦሌቲ ኮ! እህቴ!» ብለው ሲጮሁ የተኛው ለቅሶ እንደ አዲስ ተነሳ። ተረፈችም አለቅሳለሁ ብላ ጠበቀች። እንባው አልመጣም። ክንዳቸውን ይዛ ብቻ ቆመች።

ጥቂት አረፍ እንዳሉ ቡናውን በእጃቸው መለሱት።

«የተኛችበትን አሳዩኝ» አሉ።

ወደ ቤት ገቡ። ተረፈች በአንድ በኩል፣ ዲሪባ ከኋላ፤ ሶያማ ደግሞ ከጓዳ ሲኒ ልታመጣ ገብታ ኖሮ ትሪ ይዛ ግድግዳው ሥር ቆማለች። ኦቦ ኢቲቻ ሁለተኛውን እርምጃ ሳይጨርሱ ጭቃ የያዘው ቦቲያቸው ሴራሚኩ ላይ ሸተት አለ። ምርኩዙ ተወርውሮ ሄደ። ሶያማ ትሪውን ጥላ በሁለት እጇ ወገባቸውን አቀፈቻቸው፤ ሲኒዎቹ ወለሉ ላይ እንክት አሉ። ሽማግሌው አልወደቁም።



«ኤሳቲ ኩፍቴ?» አሉ ኦቦ ኢቲቻ። ትንፋሻቸው ሲመለስ በአማርኛ ደገሙት፦ «የት ላይ ነው የወደቀችው?»

«እዚሁ ነው» አለ ዲሪባ፣ ከአልጋው ሁለት እርምጃ ራቅ ያለውን ቦታ እያሳየ።

ሽማግሌው የያዘቻቸውን ሴት ቀና ብለው አዩ። «አንቺ ነሽ ውሃውን የተውሽው? ከተጂ ስመጣ ሚኒባስ ውስጥ ሳይቀር ነገሩኝ።»

ሶያማ እጇን ከወገባቸው አልለቀቀችም። ዓይኗ ብቻ ለአንዲት አፍታ ከአልጋው ሥር፣ ከሳጥኑ ኋላ ደርሶ ተመለሰ።

ተረፈች ያቺን አፍታ አየች።  ታውቃለች። ይሄን ሁሉ ቀን ታውቃለች።

ነሐሴ መጨረሻ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ለልጇ ለሀሴት ሽማግሌዎች ሊመጡ ነበር። የቤተሰቡ ታላቅ አረጋሽ ስለሆነች የልጅቷን እጅ የሚጠይቁት ሰበታ መጥተው ነው። ተረፈች ከጠዋቱ ደርሳ፣ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ጆንያውን ጠቅልላ ከአልጋው ሥር፣ ከሳጥኑ ኋላ መግፋት ነው። ሽማግሌዎቹ መጡ፤ አንደኛው ወለሉን አይቶ «የተባረከ ቤት ነው» አለ። እናቷ አዲስ ነጠላ ለብሳ ሶፋው ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጣ ዋለች፤ አንድም ጊዜ ሳትነሳ። ሲመሽ ተረፈች አውቶቡስ እንዳያመልጣት ስትጣደፍ እናቷ ጠራቻት።

«ጆንያዬንስ?»

«ሶያማ ትዘረጋልሻለች» አለች፣ ጫማዋን እያሰረች።

ለሶያማ ግን አልነገረቻትም። በሩ ላይ ስማት፣ ስለ ሽማግሌዎቹ ስቃ፣ ሄደች። ሶያማ የእንግዶቹን ጭቃ ጠርጋ፣ አጥባ ተኛች። እሑድ ጎህ ሲቀድ አረጋሽ ኪዳን ለማድረስ ተነሳች፤ እግሯ እንደ ልማዱ ጆንያውን ፈለገ።

የተሰበረው ዳሌዋ ነበር። ከዚያ አሥራ ዘጠኝ ቀን በጀርባዋ ተኛች፣ በመጨረሻም ደረቷ እምቢ አለ። ለጠየቃት ሁሉ «እግሬ ነው የከዳኝ» ትል ነበር። አንድ ከሰዓት ብቻቸውን ሲሆኑ ተረፈች እንደ ምንም ብላ ጀመረች፦ «እማ፣ ያ ጆንያ…»

«ለሀሴት ሠርግ ጸጉርሽን በደንብ ተሠሪ» አለች እናቷ ዓይኗን ጨፍና። «በዚህ አትምጪ።»

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልተነጋገሩም።

«ኤሱማ» አለች አሁን ተረፈች፣ የእናቷን ወንድም በልጅነቷ በምትጠራበት ስም። «ወለሉ ደረቅ ነበር።»

«እንዴት?»

«ማታ የታጠበ ወለል እስከ ጠዋት እርጥብ ሆኖ አይቆይም። ሶያማ ምንም አላደረገችም።»

ዲሪባ «ተረፈች…» ብሎ ጀመረ። እሷ ግን ተንበርክካለች። ሳጥኑን ገፍታ፣ እጇን እስከ ትከሻዋ ከአልጋው ሥር ሰድዳ ጎተተችው። ጥቅሉ እሷ እንዳሰረችው ነው፤ የገዛ ሻሿ ነው የታሰረበት። አቧራው አስነጠሳት።

«በዚህ ነበር የምትሄደው። እኔ ነኝ ያነሳሁት። ለእንግዳ ብዬ። ሶያማ ትዘረጋልሻለች አልኳት፤ ለሶያማ ሳልነግራት ሄድኩ።»

ተከትለው መጥተው ከበሩ ላይ የተሰበሰቡት ሴቶች ዓይናቸውን ከሶያማ አንስተው ወደ ተረፈች መለሱ። ዲሪባ ሚስቱን አየ፣ ከዚያ የተሰበሩትን ሲኒዎች አየ፣ ከዚያ ቁጢጥ ብሎ ስባሪውን በመዳፉ ይለቅም ጀመር።

«አይተሽው ነበር» አለች ተረፈች ለሶያማ፣ በዝግታ።

«በማግስቱ ስጠርግ» አለች ሶያማ። «እትዬ አረጋሽ ተዪው አሉኝ። ልጄ ነች አሉ።»

ለኦቦ ኢቲቻ ምርኩዛቸውን ዲሪባ አቀበላቸው፤ ይዘው ቆሙ፣ እህታቸው የተኛችበትን አልጋ ከሩቅ እያዩ። ሊደርሱበት የቀራቸው ያ የሚያብረቀርቅ ወለል ነው።

ተረፈች ሻሿን ፈታች። ጆንያውን ከአልጋው እግር ጀምራ ወደ እሳቸው ዘረጋችው። የእናቷ ስፌት፣ ሲባጎው ያለፈበት ሁሉ፣ ከመዳፏ ሥር ይቆረቁራል። ሳምንታት ተጠቅልሎ ስለቆየ ጫፉ እምቢ ብሎ እየተነሳ ይጠቀለላል፤ ትዘረጋዋለች፣ ይመለሳል። በመጨረሻ በሁለት እጇ ተጭና ያዘችው። ሶያማም ወደ አልጋው ሄዳ ተንበረከከችና ሌላውን ጫፍ ያዘች።

«ይሂዱ፣ ኤሱማ» አለች ተረፈች።

ሽማግሌው ጭቃ የያዘ ቦቲያቸውን አነሱ። ተረፈች አንገቷን ደፍታ፣ ክብደታቸው ከጣቶቿ አጠገብ አርፎ እስኪያልፍ ድረስ፣ አልለቀቀችም።