ብል ያልበላው ማግኖሊያ

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሰው ሲያገኝ እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ትከሻ ነው። ክር ወይም ብናኝ ካየ በሁለት ጣቱ ለቅሞ ኪሱ ይከተዋል፤ "ደህና አደርክ?" የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ከእኔ ትከሻ የለቀመው ብቻ ቢጠራቀም አንድ ትራስ ይወጣው ነበር።

ማግኖሊያ የሚባለውን ዛፍ የተከለው በአንዲት ሙሽራ ምክንያት ነው። ቀሚሷን ልትለካ መጥታ የአንድ ዛፍ ፎቶ አሳየችው። ቅጠል የሚባል የለውም፤ ከላይ እስከ ታች ነጭ አበባ ብቻ። "ይህንን የመሰለ ነጭ አድርግልኝ" አለችው። እሱ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ ያን ነጭ በጨርቅ አጣው። ቀሚሱን ባገኘው ነጭ ሰፍቶላት ሲያበቃ የዚያኑ ዛፍ ችግኝ ፈልጎ ይዞ መጣ። ጓሮው ጥግ ላይ ተከለው፣ ቁመቱን በሜትር ለካው፣ ልኩንም እንደ ደንበኛ ልክ በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጻፈው።

ችግሩ ያ ጥግ ቀድሞ የታጨ መሆኑ ነው። አብራን የምትኖረው ታላቅ እህቱ፣ ሁላችንም እታለም የምንላት፣ ዶሮ ቤት ልትሠራበት ዓይኗን ከጣለችበት ቆይታለች።

"ዶሮ እንቁላል ትጥላለች። ያንተ እንጨት ምን ይጥላል?"

"አበባ።"

"መቼ?"

"ሲደርስ።"

ዛፉ ደረሰ። መስኮቱን አለፈ፣ ጥላውም ደስ የሚል ሆነ። አበባ ግን የለም። በየዓመቱ ብርዱ ገብቶ ቅጠሉ ሲረግፍ በየቅርንጫፉ ጫፍ ላይ አንድ ጸጉራም ነገር ብቅ ይላል። ግራጫ ነው፣ የጣት ጫፍ ያህላል፣ ሲነኩት የሱፍ ኮት ነው የሚመስለው። ባለቤቴ መጀመሪያ ያየው ቀን ፊቱ ተለወጠ።

"ብል ነው" አለ።

ሌላ ሰው ሌባ ሲፈራ እሱ የሚፈራው ብል ነበር። ገና ሥራ ሲለምድ ብል የአሠሪውን ጥቅል ሱፍ ከውስጥ ወንፊት አድርጎት አይቷል፤ ያን ቀን በሕይወቱ አልረሳውም። ጸጉራም ሆኖ የተለጠፈ ነገር በእሱ ዓይን የብል ቤት እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም። የክር መቀሱን ይዞ ወንበር ላይ ወጣና አንድም ሳያስቀር ቆረጠ፤ የቆረጠውን በቆርቆሮ ውስጥ አቃጠለው። ከተራፊ ገበር ትንንሽ ከረጢት ሰፍቶ ብል የሚያባርረውን ናፍታሊን ሞላባቸውና በየቅርንጫፉ አንጠለጠለ። ጓሯችን ቁም ሣጥን ቁም ሣጥን ሸተተ። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ "ዛፋችሁ ለክት ነው እንዴ የተቀመጠው?" አለን።

በየዓመቱ እንዲሁ አደረገ። እኔም አመንኩት። በጨርቅ ነገር ተሳስቶ አያውቅም፤ ዛፉ ጨርቅ አለመሆኑ ግን ከመካከላችን ለማንም ትዝ አላለም።

በመጨረሻ እታለም መረራት። ምሳ ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ወይ ያብብ ወይ ይነሳልኝ። እኔ እኮ እያረጀሁ ነው።"

እሱ የጠረጴዛውን ጨርቅ ጫፍ ሲያጥፍና ሲዘረጋ ቆየ። "ይሄ ብርድ ወጥቶ ካላበበ እኔው ራሴ እቆርጠዋለሁ" አለ። ቃሉን እንደማያጥፍ ሁለታችንም እናውቃለን። የዚያን ቀን ከሰዓት የሰፋውን ኮሌታ መልሶ ሲፈታ አየሁት።

ብርዱ ሲገባ ዓይኑን ሞራ ጋረደው። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሐኪሙ ማጎንበስም ማንጋጠጥም ከለከለው። እኔ ወንበር ላይ ከወጣሁ ይዞረኛል፤ ስለዚህ መቀሱን ለእታለም ሰጣት።

"አንድ እንዳትተዪ።"

"አንተ ዓይንህን ጠብቅ።"

ወንበር ይዛ ወጣች፤ ቆይታም ገባች። "ለቀምኩት" አለች።

"በደንብ?"

"እንደ ዶሮ ነው የለቀምኩት።"

ብርዱ ሊወጣ ሲል አንድ ጠዋት ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። ዛፉ ላይ ጸጉራሞቹ እንዳሉ ናቸው። አንደኛው መሐሉ ተሰንጥቆ ነጭ የአበባ ቅጠል ወጥቶበታል። ሌላውም፣ ከዚያ በላይ ያለውም እንዲሁ። እታለምን ጠራኋት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

"ለቅሜዋለሁ አላልሽም?" አልኳት።

ዛፉን አየች፣ እኔን አየች። "ብሉ ይጨርሰው ብዬ ተውኩት" አለች ቀስ ብላ። "ዶሮ ቤቴን ላገኝ።"

እጁን ይዘን አወጣነው። ሰሞኑን የተሠራው ሁለተኛው ዓይኑ ታሽጓል፣ ሌላውን ፀሐይ አስጨፈነችው። ለማየት አልሞከረም። ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ ያዘና አበባውን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል አሸት አሸት አደረገው፤ ጨርቅ የሚያውቀው እንደዚያ ነው።

"ሐር አይደለም" አለ። "ከሐር ይበልጣል።"

ጣቱ ወደ ታች ወረደና ጸጉራሙን ሽፋን አገኘ። እዚያው ቆመ።

"እታለም።"

"ወይ።"

"መቀሱ የታለ?"

"ኪሴ ውስጥ።"

"እዚያው ይቅር።" ከዚያ ሳቁ ከትከሻው ጀመረው። "ለካ እምቡጡ ነበር! በየዓመቱ የልብሱን ቁልፍ እየበጠስኩ፣ ለምን አትለብስም ስለው ኖሬአለሁ!"

"ስለዚህ ያበበው በእኔ ነው" አለች እታለም።

"በክፋትሽ ነው።"

"በምንም ይሁን። ዶሮ ቤቴስ?"

ዓይኑ ሲፈታ አበባው ገና አልረገፈም ነበር፤ ጠግቦ አየው። ዶሮ ቤቱን ከሥራ ክፍሉ ጀርባ፣ ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ሥር በገዛ እጁ ሠራላት። ከሙሽሮች ቀሚስ የተረፈ ነጭ ጨርቅም መጋረጃ አድርጎ ሰፋለት። ዶሮዎቹ ክብሩን አላወቁለትም።

ከዚያ ወዲህ ማግኖሊያው ብዙ ጊዜ አበበለት። ባለቤቴ ያረፈው አምና ነው።

ዛሬ ጠዋት ከሥሩ ቆሜ ነበር። አንዷ የናፍታሊን ከረጢት እስካሁን እላይ ተንጠልጥላለች፤ ሽታዋ የለም። አንድ እምቡጥ ፈነዳና ጸጉራም ሽፋኑ ጥቁር ቀሚሴ ላይ፣ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። እኔ አልነካሁትም። ከልማድ የተነሳ እጁን እየጠበቅሁ ቆምኩ።

እታለም በአንድ እጇ እንቁላል ይዛ ከዶሮ ቤቱ መጣች። በሁለት ጣቷ ከትከሻዬ ለቀመችውና ኪሷ ከተተችው።

"ብል" አለች። ከዚያ በኋላ ነው፣ "ደህና አደርሽ?" ያለችኝ።