የቡሬ ሻኛ

ይህን ታሪክ ከዋሸሁ ቤተ ጊዮርጊስ ከጉድጓዱ ወጥቶ ይታዘበኝ። እውነት ነው። ከላሊበላ በላይ ደጋው ላይ የሚኖር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የማያውቅ ቢገኝ ያን ቀን ገበያ የወረደ ብቻ ነው።

ጋሻዬ አንድ በሬ አለው፤ እሱም ገና ወይፈን ነው፣ ስሙ ቡሬ። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ስለዚህ ከጎረቤቱ ከአራጋው ጋር ይቀናጃል፤ የሁለቱ በሬዎች ተጠምደው ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ ያርሳሉ። ታዲያ የአራጋው በሬ ዳለቻ ግንብ የሚያክል ሲሆን፣ ቡሬ ቀንበር ሥር ሲገባ የአባቱን ካፖርት የለበሰ ሕፃን ይመስላል። ቀንበሩ ይዘማል፤ ትልሙም ከጠላ ቤት እንደሚመለስ ሰው ይጠማዘዛል።

ኅዳር ላይ፣ አውድማው ሞልቶ ሳለ አራጋው ሰው እየሰማው፣

«አንተ ጋሻዬ!» አለ። «ይህ ፍየልህ እስከ ግንቦት በሬ ካልሆነ ቅንጃችን ፈረሰ። እኔ እንደሁ ሌላ ሰው አላጣም።»

ሰዉ ሳቀ። ጋሻዬም ለይምሰል አብሮ ሳቀ። ቅንጃ ያጣ ሰው መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጥና የገዛ ማሳው ሲታረስ በአጥር ላይ አሻግሮ ያያል።

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለሰብሌ፣ «ነገውኑ ይኮላሽ!» አላት። «ለፋሲካ ጋሸና ገበያ የሚመጣውን ሰንጋ አላየሽም? የተኮላሸ ሁሉ ይወፍራል።»

«ስብና ጉልበት አንድ ናቸው እንዴ? እንዲያማ ቢሆን ያ ቦርጫም ወንድምህ ሞፈር ይጎትት ነበር።»

በማግስቱ የቀበሌዋ የእንስሳት ሐኪም ነጅሚያ የማኮላሻ ብረቷን አንጠልጥላ መጣች። ቡሬን ዞረችው፣ አንገቱን ዳበሰችው፣ ሻኛው የሚወጣበትን ቦታ በመዳፏ ለካችው። ከዚያ ብረቱን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ወላሂ አላኮላሸውም።»

«ምነው ዶክተር? ላም ባየ ቁጥር አጥር ይጥሳል እኮ!»

«አጥር የሚያስጥሰው ነገር ነው አንገት የሚያወጣው። ከቆለጡ ሆርሞን የሚባል መልእክተኛ በደም ይሄዳል። አንገትና ትከሻ ጋ ሲደርስ ‹ጠንክሩ› ይላቸዋል። አሁን ካስቀረነው ማን ይነግራቸዋል? ሻኛው ይውጣና ያኔ ይጥሩኝ።»

«መልእክተኛው ካለ ታዲያ ለምን ከሳ?»

«ምን ይዞ ይሥራ? ከአንጎልም ሌላ መልእክተኛ ‹አሳድግ› ብሎ ወደ ጉበት ይመጣል። ጉበት ግን እንደ ደብር መጋቢ ነው፤ ጎተራውን ሳያይ ድግስ አይጠራም። ጎተራው ሞልቶ ካየ እሱም በተራው ለጡንቻው ትእዛዝ ይሰዳል። እርስዎ የሚሰጡት የገብስ ጭድ ብቻ ነው። ጭድ ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋ አይሆንም። የባቄላ ገለባ፣ ፉርሽካ፣ የጠላ አተላ ይጨምሩለት።» ከዚያ ጋሻዬ በእጁ የያዘውን ጅራፍ አየችው። «ያንንም ይስቀሉት። ድንጋጤም የራሱ መልእክተኛ አለው፤ የእሱ ሥራ ግን የተሠራውን ማፍረስ ነው።»

ጋሻዬ ጅራፉን ከኋላው ሸሸገ። ዕድሜ ልኩን በሬ ሲነዳ፣ ከቆዳው ሥር እንዲህ ያለ መንግሥት መኖሩን አንድም በሬ ነግሮት አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ ማኅበር በተጠጣበት፣ ተዝካር በተበላበት ሁሉ ጋሻዬ ሰማያዊ ባልዲውን ይዞ በጓሮ በኩል ብቅ ይላል።

«ጋሻዬ፣ ግባና ጠጣ እንጂ!»

«እኔ አልጠማኝም። የጠማው እቤት ነው ያለው።»

አራጋው «አተላ ለቃሚ» እያለ አላገጠበት፤ ጋሻዬ ግን ባልዲውን አልጣለም። ጅራፉን ግድግዳ ላይ ሰቀለ። «ጅብ ይብላህ» ማለት የለመደ አፉ «ና የኔ ጌታ» ማለት ጀመረ።

«እኔን እንዲህ ብለኸኝ ታውቃለህ?» አለች ሰብሌ።

«አንቺ ሞፈር ትጎትቻለሽ?»

አንድ ጊዜ ብቻ ተሳሳተ። የሚካኤል ማኅበር አተላ በርትቶ ነበርና ቡሬ ሙሉ ባልዲ ገልብጦ ሰከረ፤ ማለዳ ከአውራ ዶሮው ጋር እየተፎካከረ ሲያገሳ ሰፈሩን ቀሰቀሰው።

ብቻ ቡሬ ተለወጠ። በጥር ትከሻው ሞላ። በመጋቢት ሻኛው ተነሣ። በሚያዝያማ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ መስሎ፣ ጠዋት ጠዋት ደመና ያርፍበት ጀመር። በሩ አላስገባው ብሎ መቃኑ ተነቀለ፤ አንገቱን ባሕር ዛፍ ላይ ቢያክ ዛፉ ተጋደመ። ነጅሚያ መጥታ ስታየው፣ «ሱብሃን አላህ! መልእክቱ ደርሷል» አለችና ያን ጊዜ አኮላሸችው። «አብሽሩ፣ አንዴ የወጣ አንገት በቀላሉ አይመለስም።»

ግንቦት ገባ። በሬዎቹ ተጠመዱ። አራጋው ለመሳቅ ተዘጋጅቶ ማሳው ዳር ቆመ። ጋሻዬ ጅራፍ ሳያነሣ፣ ቀስ ብሎ፣ «ና የኔ ጌታ» አለ።

ቡሬ ተራመደ። ሞፈሩ ጮኸ፣ መሬቱ ተሰነጠቀ፤ ዳለቻ እግሩ አፈር ሳይነካ ከቀንበሩ ላይ ተንጠልጥሎ ማሳውን ተሻገረ። ቀንበሩ ዛሬም ዘሟል፤ ግን ወደዚያኛው ወገን።

ጋሻዬ ዞሮ አራጋውን አየው። የአውድማው ሳቅ ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ፤ «ፍየልህን ውሰድ» ለማለት አንድ ትንፋሽ ቀረው። ግን ሻኛው ተራራ ቢያክልም አንድ በሬ ብቻውን አያርስም።

«አራጋው፣ ዳለቻ ምን ይበላል?»

«ጭድ ነዋ።»

«ጉበቱ ጎተራውን አይቶ ዝም ብሏላ!»

«ያቺ ባልዲ» አለ አራጋው፤ «እንደ እርሻው በተራ ብትሆንስ?»

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ አንዲት ነገር ብቻ ፈጥሬያለሁ። አራጋው በአፉ አልጠየቀም፤ እሱ መቼ በአፉ ይጠይቃል! በማግስቱ ባልዲዋን ከጋሻዬ አጥር ላይ ዝም ብሎ አንሥቶ ሄደ። ማታ አጥቦ፣ ለቡሬ የሚሆን አተላ እስከ ግማሿ ሞልቶ መለሳት። የቀረው እንዳለ ነው፤ ያላመነ ሄዶ የተጋደመውን ባሕር ዛፍ ይይ።