አፉ ላይ ቅቤ የተለጠፈው ማሰሮ

ኪፓን ዘንድሮ ቅናት ሊገድላት ነው። ተራራ ሊወጡ የሚመጡት ፈረንጆች ወደ ትልቁ ተራራ ከመቀጠላቸው በፊት፣ የከፍታውን ስስ አየር እስኪለምዱት እነኪፓ ከተማ ሁለት ሌሊት ያድራሉ፤ የሚመራቸው ደግሞ ባሏ ጊያልጄ ነው። ድሮ ሁሉንም ወደ ኪፓ ማረፊያ ቤት ነበር የሚያመጣቸው። ዘንድሮ ግን ግማሾቹን ከድንጋይ ደረጃው በላይ ማረፊያ ቤት ላላት ለያንግዙም ይሰጣል። ምነው ስትለው፣ ባሏ ተራራ ላይ የቀረባት ሴት ናት፣ እሷም ትኑርበት እንጂ ይላታል።

ትኑርበት! ያንግዙም ጥርሷን ስታሳየው፣ እሱም የድንች ከረጢት ሊሸከምላት ሲሽቀዳደም ኪፓ በዓይኗ አይታለች። ከተራራው ግርጌ አልፎ እንዳይወጣ ካስማለችው አምስት ዓመቱ ነው፤ በረዶ እንዳይበላባት ብላ። ታዲያ በረዶ ያልወሰደውን ጎረቤት ትውሰደው?

ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ፣ ጊያልጄ ማሰሮ ታቅፎ ደረጃውን ሲወጣ አየችው። የማሰሮው አፍ ላይ ቅቤ ተለጥፏል። በአገራቸው ቅቤ የተለጠፈበት ጠላ ለጥም አይወሰድም፤ የልመና ነው። ሴት እንኳ ለጋብቻ የምትጠየቀው በእሱ ነው። የጠጣ ሰው እሺ ብሏል፤ ከዚያ ወዲያ እንቢ ማለት ነውር ነው።

ሸክሟን መንገድ ላይ ጥላ ተከተለችው። ስትደርስ ያንግዙም ጠርዙ ላይ ቅቤ የተለጠፈ ዋንጫ በእጇ እየገፋች፣ ሦስቴ ብትለምነኝም አልጠጣም ትለዋለች። ኪፓ ይሄን ልብ የምትልበት ጆሮ የላትም። ሁለቱንም ሙልጭ አድርጋ ሰደበቻቸው።

«አንቺ ደግሞ አትግደርደሪ፤ ካፈርሽ እኔ ልጠጣልሽ» አለችና ዋንጫውን ነጥቃ ጨለጠችው።

ያንግዙም ራሷን ይዛ ቁጭ አለች።

«ኪፓ፣ እህቴ፣ ምን ነካሽ? ዘንድሮ ጫፍ ድረስ ልውጣ፣ ሚስቴን ለምኝልኝ ብሎ ነው የመጣው። የኔን ሰው የበላ ተራራ ነው፣ አላደርገውም ብዬ እንቢ ያልኩት ላንቺ ብዬ ነበር።»

ኪፓ ወደ ባሏ ዞረች። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል፤ ደስታውን ግን መደበቅ አቅቶታል።

«ጠጥተሻል እኮ» አላት ቀስ ብሎ።

ኪፓ ከንፈሯን በመዳፏ ጠረገች። እዚያም ቅቤ ነበረበት።

«መቼ ነው የምትወጣው?» አለችው።

«ፈረንጆቹ አየሩን ሲለምዱት።»