የአምናው የቃሪያ ዘር

ሙሉጌጥ ስንጉን አንዴ ገመጠችና ማኘኳን ተወች። የቀረውን ሰሐኑ ዳር ላይ አስቀምጣ ውሃ አነሳች።

"አንተ ሰው፣ ምን አበላኸኝ?"

"የፈረንጁን ቃሪያ ነዋ" አለ ባሏ ዓምደ ሚካኤል።

"የፈረንጁ ማቃጠል ጀመረ?"

ሰውዬው ግማጩን አንስቶ በላው፤ ምንም አላገኘበትም። ከልጅነቱ ጀምሮ ሚጥሚጣ ሳይነሰንስ ጎርሶ የማያውቅ አፍ ነው።

"ደህና ነው፤ ጣፋጭ ነው።"

"ያንተ አፍ እኮ ጫማ ነው" አለችና ሆዷን ይዛ ወደ ግድግዳው ዞረች።

የዚህ ቤት የፈረንጅ ቃሪያ የመጣው በዚያ ሆድ ምክንያት ነበር። ሐኪም ጨጓራዋን አይቶ በርበሬና ቃሪያ ከከለከላት ወዲህ ሙሉጌጥ በአልጫ ኖራለች። ሁሉንም ቻለችው። ፍልሰታ ሲገባ ብቻ፣ ቃሪያ ተሰንጥቆ ሽንኩርትና ቲማቲም ሳይጠቀጠቅበት፣ የጾመች አይመስላትም። ዓምደ ሚካኤል ይህን አይቶ ሾላ ገበያ ወረደ። ከወፍራሙ፣ ከማያቃጥለው፣ በደንብ የቀላውን አንድ መርጦ ገዛ። ዘሩን አውጥቶ በጥላ አደረቀ። ጥር ላይ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን፣ አፈርና የደረቀ ፍግ ቀላቅሎ ዘራው፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ እንዳይገድለው ላስቲክ አለበሰው። ችግኙ ሲጠነክር ጓሮ አዛወረው። ከጎኑ ለራሱ የሚያቃጥለውን ተከለ፤ እሱም ሰው ነው፣ መብላት አለበት።

አምና ሰመረ። ሙሉጌጥ ፍልሰታን በስንግ ጾመች። እሱም ከሁሉ ያማረችውን ፍሬ ተክሏ ላይ እስክትቀላ ጠብቆ ዘሯን አስቀመጠ። የዘንድሮው ከዚያች የወጣ ነው። እጁም አፈሩም ያው ነው። ታዲያ ማቃጠሉ ከየት መጣ?

አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል። የካቲት ላይ፣ ችግኞቹ ገና ቅጠል ሲያወጡ፣ ባልና ሚስቱ ለጠበል እንጦጦ ወጥተው ሰነበቱ። ጀሪካኖቹን ከአጥሩ ወዲያ ላለችው ጎረቤታቸው፣ ለሸረፈዲን ሚስት ለዘሙሩድ፣ ውሃ እንድታጠጣ ትተውላት ሄዱ። ሲመለሱም ለድካሟ ከችግኞቹ አካፈላት።

ዘሙሩድም ቃሪያ ትተክላለች። ችግኝ ደግሞ በዚያ ዕድሜው ሁሉም አንድ መልክ ነው።

ሙሉጌጥ ፊቱን አይታ ሐሳቡን አወቀችው። "እንዳትናገራት" አለች። "ራሴን ስቼ ስወድቅ ደግፋ ሐኪም ቤት ያደረሰችኝ እሷ ናት። ከዘሙሩድ ጋር ካቆራረጥከኝ ስንግህም ይቅርብኝ።"

"ምን በወጣኝ?"

ወደ ጓሮ ወጣ። አንዳንዱ እግር ላይ ያለው ፍሬ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነው። ቀድሞም አይቶት ፍግ አንሶት ነው ብሎ ነበር። አሁን ግን ሌላ መሰለው። ለውጣው ነው እንዳይል፣ ምን ልትጠቀም? አልለወጠችም እንዳይል፣ ገብስ ዘርቶ ስንዴ ያጨደ ማን አለ? ሲያወጣ ሲያወርድ አደረ።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ እግሩ ዘሙሩድ በር ወሰደው። የዝናቡን ውሃ ከደጃፏ ትጠርጋለች።

"ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ፤ ሊደግም ነው።"

"አልገባም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ችግኞቹ አንቺ ጋ ሳሉ ከራስሽ ጋር ተደባልቀው ይሆን?"

"አልተደባለቁም።"

"ልጆቹ ሲጫወቱ ምናልባት…"

"አልተደባለቁም አልኩ እኮ።"

"ታዲያ ሙሉን ምን አቃጠላት?"

ዘሙሩድ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። "ለወጥሽብኝ ነው የሚሉኝ?"

እዚህ ላይ ዝም ቢል ደግ ነበር። "ሌላ ማን ጋ ነበሩ?" አለ።

ዘሙሩድ ከጣሪያዋ ጠርዝ ሥር ቃሪያ ተተክሎባቸው የተደረደሩትን ባልዲዎች አመለከተችው።

"ያውልዎት፣ የሰጡኝ። ጣፋጭ ነው ብለውኝ ሰላጣ ላይ ከተፍኩት፤ ትንሿ ልጄ አፏን ይዛ ስትጮህ ዋለች። ጋሼ ጥሩውን ለራሳቸው አስቀርተው ውራጁን ለእኛ ሰጡን አልኩ። ለሸረፈዲን እንኳ አልተነፈስኩም። ዋጥኩት።"

ዓምደ ሚካኤል ዞረበት። ለውጣ ቢሆን ጣፋጩ እሷ ጋ በተገኘ ነበር።

"ያንቺም ያቃጥላል?"

"ከፊሉ እሳት ነው፣ ከፊሉ ስኳር። የራስዎን ቃሪያ ከፈረንጁ አጠገብ ነው የሚተክሉት?"

"አምናም አጠገብ ለአጠገብ ነበሩ። አምና መቼ አቃጠለ?"

"እናቴ ነጭ በቆሎ ስትዘራ፣ ከጎረቤት ማሳ እየተዳቀለ ዝንጉርጉር ይወጣባት ነበር። ይሄን ደግሞ ንብ ይሆናል፣ እንጃ። የዘንድሮው እኮ የአምናው ልጅ ነው፤ አምና ተጋቡ፣ ዘንድሮ ወለዱ።"

"ቃሪያ ይጋባል እንዴ?"

"እኔን ሌባ ከማድረግዎ በፊት ይሄን ቢጠይቁ ኖሮ!"

መጥረጊያዋን አነሳች። ዳግም ይግቡ አላለችውም።

ቤት ሲደርስ ሙሉጌጥ ቀና አለች። "አልካት?"

"አልኳት።"

ሁልጊዜ ከሰዓት ዘሙሩድ ብቅ ብላ አጠገቧ ትቀመጥ ነበር። ያ ሰዓት መጣ፤ አለፈም። ሙሉጌጥ እህል ሳትቀምስ ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ ዋለች። ሰውዬው ጓሮ ሄዶ ከሁለቱም ቃሪያ አበባ ቀጥፎ ጎን ለጎን ያዘ። ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ትንንሽ። ማን ማንን እንዳገባ የሚናገር ነገር አላየባቸውም።

ሊመሽ ሲል የግቢው በር ሲጢጥ አለ። ዘሙሩድ በቀጥታ ወደ ሙሉጌጥ ሄደች።

"እትዬ ሙሉ፣ ምንም ሳይቀምሱ ነው የዋሉት?"

"በምን ድፍረቴ!"

"የታል ቃሪያው?" አለች፣ ወደ እሱ ሳትዞር።

በቅርጫት አመጣ። ዘሙሩድ ቢላ ተቀብላ ከአንዱ አንገት ሥር ቀንጥባ ቀመሰችና ወዲያው እንትፍ አለች። ሁለተኛውንም ተፋች። ሦስተኛውን ግን ቀስ ብላ አኘከችው። ዓምደ ሚካኤል ፊቷን ይመለከታል። ቃሪያው ጣፍጧት ይሆን፣ እሱንስ ይቅር ብላው ይሆን፣ ከአንድ ፊት ሁለቱን ለማንበብ ሞከረ፤ አንዱንም አላገኘም።

"ይሄ ደህና ነው" ብላ ለሙሉጌጥ ሰጠቻት። ሙሉጌጥ በጥርሷ ጫፍ ነከሰች። ጠበቀች። ከዚያ ገመጠች።

"ይሄኛውስ?" አለ እሱ፣ ሌላ ፍሬ እየዘረጋ።

"ይቆዩ፣ አፌ ይረፍ ጋሼ።"

ጋሼ ያለችው ከልቧ ይሁን ከልማድ አልገባውም። ፍሬውን እንደያዘ ቆሞ ጠበቃት።