የዝምተኛዋ ደብዳቤ

የሕክምና ተማሪዋ የምሥራች የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊው የጻፉላትን የድጋፍ ደብዳቤ ከጸሐፊያቸው ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ አነበበችውና እስከ ጆሮዋ ነደዳት። «ዝምተኛና ዓይን አፋር በመሆኗ ለጠባይዋ የሚስማማው የሕፃናት ሕክምና ነው» ይላል። በዚህ ወረቀት የምትመኘውን ቀዶ ሕክምና ስፔሻላይዝ ማድረግ የሚባል ነገር የለም። ማመልከቻው ደግሞ ነገ ይዘጋል።

ማን ነው ዝምተኛ? የምሥራች የደካ ገጠር ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በከፋ ቋንቋ በካፊኖኖ ነው። አማርኛን የለመደችው ትምህርት ቤት ነው። ራውንድ ላይ፣ በሽተኞች ሲጎበኙ፣ አንድ ቃል ሲዛነፍባት ሐኪሞቹ ስለሚስቁባት፣ መልሷን አሳጥራ «ዝም አይነቅዝም» ብላ ትቆማለች። ይኸው ነቀዘ። ቦንጋ ላይ እየኖሩ፣ በካፊኖኖ ስትናገር አንዲት ቀን እንኳ ጆሯቸውን አልሰጧትም። አብሯት የሚማረው ሳምሶን ግን ነርሶች ላይ መቀስ ይወረውራል፤ ለእሱ «ቆራጥ ነው» ተብሎ ለቀዶ ሕክምና ተጽፎለታል።

እኩለ ቀን ላይ ጋሽ ከፈለኝ የሚባሉ ገበሬ ከሺሺንዳ መጡ። አንጀታቸው ታንቆ ሆዳቸው ተነፍቷል። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ገብረወልድ በአማርኛ ኦፕሬሽን፣ ኦፕሬሽን ይላሉ፤ አማርኛ የማይሰሙት ሰውየው በካፊኖኖ ቤቴ መልሱኝ ብለው ድርቅ አሉ። የጠዋቱ እሳት ያልበረደላት የምሥራች በካፊኖኖ ጮኸችባቸው። አንጀታቸው እየሞተ መሆኑን፣ ቤታቸው ቢሄዱ እሳቸውም እንደሚከተሉት ነገረቻቸው፤ ልጆችዎን ማን ሊያሳድግልዎ ነው ብላም አፋጠጠቻቸው። ጋሽ ከፈለኝ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ለኦፕሬሽኑ ፈረሙ።

በሽተኛው እስኪዘጋጁ ኃላፊው ቢሯቸው ጠሯት።

«ልጄ፣ ጠባይሽን ተሳስቼ ኖሯል» አሉና የጠዋቱን ደብዳቤ ቀደዱት። ልቧ ተስፋ አደረገ። ሌላ ጽፈው ሰጧት። «ቁጡ ናት፤ ከበሽተኛ ጋር የማያገናኛት የላቦራቶሪው ሥራ፣ ፓቶሎጂ፣ ይሻላታል።»

ደሟ ፈላ። የጠዋቱስ ሳያውቋት ነው፤ ይሄ ግን በዓይናቸው አይተው ነው።

«ዝም ብል አልሆንም፤ ብናገርም አልሆንም» አለች። «ሳምሶን ሲቆጣ ግን ቆራጥ ነው። የጻፉለት እርስዎ ነዎት።»

«የሱ ሌላ ነው» አሉ ብዕራቸውን እያዩ።

«ሌላነቱ ምኑ ላይ ነው?»

አንዲት ነርስ በሩን ከፈተች። «ዶክተር፣ በሽተኛው ተዘጋጅተዋል። ግን ያቺ ልጅ ካልገባች ማንም አይነካኝም እያሉ ነው።»

የምሥራች ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። «ይህን አልቀበልም። ጠባዬን ይተዉትና ሥራዬን አይተው ይጻፉ። አሁን እጄን ልታጠብ ነው። እርስዎም ይፍጠኑ፤ ያ አንጀት አይጠብቀንም።»

በሃያ ዓመት ሥራቸው «ይፍጠኑ» ያላቸው ተማሪ አልነበረም። ዶክተር ገብረወልድ ብዕራቸውን ከድነው ተከተሏት።