እንግዳ ሳይቀመጥ

የሃዊ ኮምፒውተር የመጣች ቀን ብሎካችን ሠርግ የገባበት መስሎ ነበር። ሁለት ጎረምሶች ትልቁን ካርቶን ተሸክመው ደረጃውን እያቃሰቱ ሲወጡ ያየ ሁሉ ፍሪጅ መስሎት እናቷን ያለምወርቅን «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ስንፈልግ እንመጣለን» ይላት ነበር። የኔ በር ከነሱ በር ፊት ለፊት ስለሆነ ከማንም ቀድሜ ገብቼ አየሁ። ጎኗ መስተዋት ነው፤ አንጀቷ ሁሉ ይታያል፤ ውስጧ ቀይና ሰማያዊ መብራት ይበራል። «ይህቺ ኮምፒውተር ናት ወይስ ጭፈራ ቤት?» ብዬ ሃዊን አስቄያታለሁ።

የሃዊ ሥራ ገና ያልተሠራ ወይም የፈረሰ ቤት በኮምፒውተር ሠርቶ ሰውን ውስጡ ማስገባት ነው። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለቆምኩ ከዚህ በላይ አላብራራም። በሩን ከፍታ ታስገባሃለች፤ መስኮቱ ጋ ቆመህ ውጭውን ታያለህ፤ ጫማህን እንኳ አታወልቅም።

ከዚያ በፊት ቦሌ አንድ ቢሮ ነበረች። ጎህ ሲቀድ የታክሲ ሰልፍ ላይ ትቆማለች፣ ሲመሽ መስኮት ተደግፈው ከሚያንቀላፉት ጋር እያንቀላፋች ወደ ገላን ትመለሳለች። ትታው ቤቷ ልትሠራ ስትወስን እናቷ ሰነባብታ ነው ኩርፊያዋን የተወችው። የመጀመሪያው የራሷ ሥራ የመጣላት ከዚሁ ከአቃቂ ነው። በሐዲዱ አጠገብ ያለውን የድሮ የጥጥ መጋዘን አድሰው ለወጣቱ ማንበቢያ ሊያደርጉት የተነሱ ሰዎች አሉ። ጣራው ከወደቀ ቆይቷል፤ ግድግዳው ብቻ ነው የቀረው። እነሱ ደግሞ ከማደሳቸው በፊት እንደ ድሮው ሆኖ ሊያዩት ፈለጉ። ቅዳሜ ቤቷ መጥተው ያያሉ ተባለ። ከወደዱት ሥራው በሙሉ የሷ ነው፤ ካልወደዱት መሐል ከተማ ላለ ድርጅት ይሰጡታል፣ ሃዊም ወደ ሰልፏ ትመለሳለች።

መጋዘኑን ጣራ ሳለው ከሚያውቁት ሰዎች ደግሞ እኛ ዘንድ የቀሩት አባባ ሰቦቃ ናቸው። የያለምወርቅ አጎት ናቸው፤ እታች ምድር ላይ ይኖራሉ፤ ጉልምስናቸውን የጨረሱት እዚያ መጋዘን ውስጥ ጥጥ ሲጭኑና ሲያወርዱ ነው። ሃዊ «አካኮ» ትላቸዋለች፤ በኦሮምኛ አያቴ ማለቷ ነው። ዘወትር አመሻሹ ላይ ከዘራቸውን ይዘው ይወጡና ሶፋው ጥግ ላይ ይቀመጣሉ። ያ ጥግ የሳቸው ነው። እሳቸው ባይኖሩም ማንም አይቀመጥበትም፤ እኔ እንኳ እግሬ ባበጠ ቀን ዱካዋን ስቤ ነው የምቀመጠው። ሶፋው ከያለምወርቅ ሠርግ ጀምሮ ያለ ነው። ሆዱ ወርዶ መሬት ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው፤ ዳንቴል ስለለበሰ ግን አያሳብቅም።

ሃዊ ሁለት ስክሪን ነበራት። የአባባ ዓይን ደከም ያለ ስለሆነ ሦስተኛ፣ ትልቅ ስክሪን አመጣችና ከሶፋው አጠገብ አቆመችላቸው። እሷ ጠረጴዛዋ ላይ ትሠራለች፤ እሳቸው ከተቀመጡበት ሆነው ያርማሉ። ያ ምሰሶ ወደ ቀኝ ይምጣ ይላሉ። ታመጣዋለች። አይ በዛ፣ ፀሐይ በዚያ በኩል አትገባም ነበር ይላሉ። ፀሐይቱንም ታዞራታለች። ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ ማሽኗ አመል ያወጣችው።

አመሏ እንዲህ ነው። ደህና ስትሠራ ቆይታ ድንገት ስታክ ታደርጋለች። ሦስቱም ስክሪን ድርቅ ይላል፤ ማውሱን ወዲያ ቢሉት ወዲህ፣ ቀስቷ ንቅንቅ አትልም። ከዚያ ምንም እንዳልሠራ ሰው ትነቃለች፤ አንዳንዴ ቶሎ፣ አንዳንዴ ሃዊ ተስፋ ቆርጣ ልታጠፋት ስትል። ቀን ላይ ደህና ናት፤ ወደ ማምሻው ይብስባታል። ስለዚህ መጀመሪያ የተጠረጠረው መብራት ነው። ሰው ሁሉ ከሥራ ገብቶ የኤሌክትሪክ ምድጃውን ሲለኩስ መብራቱ እንደሚደክም እዚህ ብሎክ ማን ያጣዋል? ስታብላይዘር ተገዛ። ስታብላይዘሩ አጠገቧ እያጉረመረመ ማሽኗ ደረቀች። ያለምወርቅ ጸበል ልትረጭባት ብልቃጥ ይዛ ስትመጣ ሃዊ እጇን አፈፍ አድርጋ ያዘቻት። እኔ የራሴን ቴሌቪዥን የማክመው በጥፊ ስለሆነ ይህንኑ ሐሳብ አቀረብኩ። አልተቀበሉኝም።

በመጨረሻ ከቱሉ ዲምቱ ዚያድ ተጠራ። ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ቦርሳው ከሱ የሚከብድ። በሩን አንኳኩቶ ሲገባ አባባ ሰቦቃ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና «ኖር» አሉት። ልጁ የልጅ ልጃቸውን የሚያክል ነው፤ ደንግጦ ጎንበስ ብሎ እንዲቀመጡ ለመናቸው። እሱ ራሱ ግን አልተቀመጠም፤ ቦርሳውን ፈቶ በቀጥታ ከማሽኗ ኋላ ተንበረከከ። እኔ አባባን አረፍ ይበሉ እንጂ፣ እሱ እኮ ሥራ ላይ ነው አልኳቸው።

«እንግዳ ሳይቀመጥ እኔ ልቀመጥ?» አሉኝ።

የድሮ ሰው ናቸው፤ ተውኳቸው። ዚያድ አቧራዋን ነፋ፤ የሰፈራችን አቧራ በሙሉ እዚያ ውስጥ የተሰበሰበ ነው የሚመስለው። ሙቀቷን ለካ። ሚሞሪዋን ነቅሎ ጠርጎ መለሰ። ከዚያ ሃዊን ከባድ የሚባለውን ሥራ ሁሉ አንድ ላይ አስከፈታት። ማሽኗ በረረች። የመጋዘኑ በሮች ተከፈቱ፣ ተዘጉ፣ ምሰሶው ሁሉ በየተራ አለፈ፤ አባባም ቆመው እያዩ ተደነቁ። ዚያድ ጤነኛ ናት ብሎ ሻይ እንኳ ሳይቀምስ ወጣ። አባባ ተቀመጡ። ልጁ ዋናው መንገድ ሳይደርስ ሃዊ ስልክ ደወለችለት።

በሌላ ቀን ሱቁ ወስዶ አሳደራት፤ እዚያም አልደረቀችም። መልሶ አመጣት፤ ተንበርክኮ ገጣጠማት፤ አባባ ቆሙ፤ ማሽኗ በረረች፤ እሱ ወጣ፤ አባባ ተቀመጡ፤ ደረቀች። አሁን ስጽፈው ሕፃን ልጅ የሚያየው ነገር ነው። ያኔ ግን ሁላችንም ስክሪን ስክሪኑን እንጂ ሶፋውን ያየ የለም። ዚያድ በሩ ላይ ሲሰናበተኝ «እትዬ ፈለቀች፣ ይህቺ ማሽን እኔን ትፈራለች መሰለኝ» አለኝ።

«እንግዲያው ፎቶህን ስቀልላት» አልኩት።

ሃዊ ግን መሳቅ አቁማ ነበር። እሷ ሲከፋት አትጮህም፤ ፀጉሯን ወደ ላይ ጠቅልላ በብዕር ትወጋዋለች። ያ ብዕር ከፀጉሯ አልወጣም። ቅዳሜ ሰዎቹ ፊት ብትደርቅስ የሚለውን ማናችንም ጮክ ብለን አልተናገርነውም፤ ሁላችንም ግን ቤት ውስጥ በእግር ጣታችን እንደመሄድ ጀምረን ነበር።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ አባባ ሰቦቃን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። መንገድ አጋምሰው ወደ ታች እየተመለሱ ነው። ምነው ብላቸው ከዘራቸውን አየት አደረጉና «ልጅቷን እያሰናከልኳት ነው መሰለኝ፣ ፈለቀች። እኔ ሳለሁ ነው የምትደርቀው። ዓይኔ ከብዶ ይሆናል» አሉ። ቀልደው ሊያልፉት ፈልገው ነበር፤ ድምፃቸው ግን አልቀለደም።

ያን ዕለት አልወጡም። ማሽኗም አልደረቀችም። ሃዊ ግን ጣራው ጋ ስትደርስ ቆመች። እንጨቶቹ እንዴት እንደሚያያዙ የሚያውቁት ሰው እታች በራቸውን ዘግተው ተቀምጠዋል። በማግስቱ ራሷ ወርዳ ይዛቸው መጣች። ደረጃው ላይ የምትላቸውን ሰማሁ፤ የኔ በር ፊት ለፊት ነው ብያለሁ።

«አካኮ፣ ማሽኗ ብትደርቅ ትነቃለች። እርስዎ ከቀሩ ግን መጋዘኑ ጣራ የለውም።»

ያን ሐሙስ ዚያድ ለመጨረሻ ጊዜ ሊሞክር መጣ። ያለምወርቅ ግን የራሷ ጭንቀት ነበራት። ደጋግሞ መጥቶ እህል ሳይቀምስ የሚወጣ እንግዳ ቤቱን ይታዘባል ብላ ጨጨብሳ በቅቤ ለውሳ፣ ሳህኑን ይዛ በማሽኗና በልጁ መካከል ቆማለች። ሳትበላ አትነካትም አለችው። ልጁ ወዲህ አለ፣ ወዲያ አለ፤ እሷን ማለፍ ቀላል አይደለም። በመጨረሻ ዱካዋ ላይ ተቀመጠ። ሲቆም አብረውት ቆመው የነበሩት አባባ ሰቦቃም እሱ መቀመጡን አይተው ጥጋቸው ላይ ተቀመጡ።

ስክሪኖቹ ላይ መጋዘኑ ቀስ እያለ እየዞረ ነበር። አባባ እንደተቀመጡ ቀጥ አለ።

ዚያድ ማንኪያውን አፉ ሳያደርስ ደንግጦ ተነሳ። እንግዳው ሲነሳ አባባም ተነሱ። መጋዘኑ መዞር ጀመረ።

ልጁ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ መለሰ። አሁን የሚያየው ስክሪኑን አልነበረም። በጣም ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አባባ ተቀመጡ። መጋዘኑ ቆመ። እስቲ ይታያችሁ፤ አንድ ሽማግሌ ሰው ይነሱልኝ፣ ይቀመጡልኝ ተብሎ እንደ ተማሪ አይታዘዝም። ዚያድም ይህን ያውቃል፤ ጥሩ አሳዳጊ አለው። ስለዚህ ራሱ ተነሳ። አባባ ተነሱ፤ መጋዘኑ ዞረ። ራሱ ተቀመጠ። አባባ ተቀመጡ፤ መጋዘኑ ቆመ። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሻለሁ። ያለምወርቅ ጨጨብሳው ያቃጠለው መስሏት ውኃ ልታመጣ ሮጠች። ልጁ ደግሞ ሊነሳ ሲል አባባ ሰቦቃ ከዘራቸውን አነሱበት።

«ልጄ፣ ወይ ቁም ወይ ተቀመጥ። ይህ እኮ የሽማግሌ ጉልበት ነው።»

ዚያድ ይቅርታ ጠየቃቸውና የስልኩን መብራት አብርቶ ሶፋው ሥር በሆዱ ተኛ። አባባም በእርግጥ ቆሙ። ለሳቸው የቆመችው የሦስተኛዋ ስክሪን ገመድ በግድግዳው ሥር ሄዳ ሶፋው ሆድ ሥር ነው የምታልፈው። ከሶፋው ያመለጠ የብረት ሞላ በሳቸው ጥግ በኩል ገመዷን ነክሷታል። አባባ ሲቀመጡ ይጫናታል፤ ፈቀቅ ሲሉ ወይም ሲነሱ ይለቃታል። ዚያድ ሲያስረዳን ስክሪን ትጠፋባታለች፣ ትመጣለች፣ ትጠፋለች፤ ማሽኗ እሷን ስትፈልግ ሌላውን ሁሉ ትተወዋለች አለ። እኔ በራሴ መንገድ ገባኝ። ልጅ የጠፋባት እናት ወጥ አታማስልም።

አባባ ሰቦቃ የተነከሰችውን ገመድ ተቀብለው በጣታቸው ዳበሷት።

«ዓይኔ አይደለማ» አሉ።

«ሶፋው ነው፣ አካኮ» አለች ሃዊ፤ ብዕሩንም ከፀጉሯ መዘዘችው።

ያለምወርቅ ውኃውን ይዛ ስትመለስ የሠርጓን ሶፋ ስናማው ደረሰች፤ እስከ ማግስቱ አላናገረችንም።

ቅዳሜ አዲሱ ገመድ ግድግዳውን ይዞ ከፍ ብሎ አልፏል። ጣራው ቆሟል። ሰዎቹ ሦስት ሆነው መጡ፤ አለቃቸው መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ሲገቡ አባባ «ኖር» ብለው ተነሱ። ሰዎቹ ስክሪኖቹን አይተው እዚያው ፊታቸው ተገትረው ቀሩ። ሃዊ በቆሙበት ብትከፍትላቸው ምንም ሳይደርቅ ሊያልቅ ይችል ነበር፤ ያንን ሁላችንም አውቀነዋል። እሷ ግን እጇን ማውሱ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

«መጀመሪያ አረፍ በሉ» አለቻቸው። «እናንተ ካልተቀመጣችሁ አካኮም አይቀመጡም። እሳቸው ደግሞ ከዚያች ጥግ ሆነው ካላዩት ሥራው አላለቀም።»

ሰዎቹ ተያዩ። አንዱ ዱካዋ ላይ፣ አንዱ ከግድግዳው ሥር ካለው አልጋ ጫፍ ላይ፣ ሴትየዋ የሃዊ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከዚያ አባባ ሰቦቃ የወንዝ ውኃ በእግሩ እንደሚሞክር ሰው ቀስ ብለው ወደ ጥጋቸው ዝቅ አሉ። ሶፋው አቃሰተ። እኔ ቀስቷን ነው የማየው፤ ያለምወርቅ ቀስቷን፤ ሃዊም ቀስቷን።

ቀስቷ ወደ በሩ ሄደች። በሩ ተከፈተ። በጣራው ክፍተት የገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ምሰሶዎቹ አንድ በአንድ አለፉ፤ አንዱም አልተንቀጠቀጠም። ሴትየዋ መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችና ወደ አባባ ዞራ እንዲህ ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻቸው።

«በሩ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው» አሉ። «ጥጥ ሲሞላ ወደ ውስጥ እንቢ ይላል።»

ሃዊ እዚያው ፊታቸው በሩን ገለበጠችው። ሴትየዋ ሳቀች፤ ባልደረቦቿን ማማከር እንኳ አላስፈለጋትም፤ የቀረውን ሰኞ እንጀምር አለችና ለመሄድ ተነሳች። አባባ ሰቦቃም ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ማሽኗ ልብ አላለችም።